ባለቀለሙ መርሐ ግብር ከሦስት ቀን በላይ ለምን አልዘለቀም?

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ቤቴ ገርጂ፣ መሥሪያ ቤቴ ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ሜሪላንድ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ለከፈተው አነስተኛ ሱቅ ሒሳብ እይዛለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በእነሱ ሰዓት ጠዋት 10 ሲሆን በቪዲዮ እንነጋገራለን። ሁሉም ነገር ስለተደራረበብኝ ከአንድ ወር በፊት ስልኬ ላይ ያለውን ጉግል ካላንደር ከፍቼ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለውን ጊዜ በሙሉ በየግማሽ ሰዓቱ ከፋፈልኩና ለእያንዳንዱ ሥራ ቀለም ሰጠሁት። ሲታይ ያምራል። ነገር ግን ሰኞ እንደ ምንም አለፈ፣ ማክሰኞ ተዛነፈ፣ ረቡዕ ፈረሰ። ማክሰኞ ከ3 እስከ 5 ሰዓት የባንክ ሒሳብ ላስታርቅ (መዝገባችንን ከባንኩ ሒሳብ ጋር ላመሳክር) ይዤ ሳለ በ3፡20 ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ፤ በ4፡15 ተመልሼ ለባንኩ ስደውል «ሲስተም የለም» ተባልኩ። ጭራሽ አንድ ቀን ለጠዋት 3 ሰዓት የያዝኩት ማሳሰቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጮሆ ቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰው። ባለቤቴ «ዕቅድ ማውጣቱ ራሱ ሌላ ሥራ ሆነብሽ» እያለ ይቀልድብኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የመተግበሪያው? ሥራን ራሱ እያደላደለ የሚያስቀምጥ፣ በየወሩ የሚከፈልበት መተግበሪያስ ልግዛ?

ጊዜ ያጠራት፣ ከገርጂ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መተግበሪያው ያዘዙትን ፈጽሟል፤ እርስዎም ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥተው የሚውሉ ሰው ስለሆኑ ስንፍና የሚባል ነገር እዚህ ውስጥ አይገባም። የፈረሰው ግምትዎ ነው። ከደብዳቤዎ ጋር የላኩትን የማክሰኞ ገጽ ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ፤ ከላይ እስከ ታች አንድም ባዶ ቦታ የለውም። ከገርጂ ሜክሲኮ ለመድረስ ለጠዋትም ለማታም 40 ደቂቃ ሰጥተዋል። ሁለት ታክሲ ለሚይዝ ሰው፣ ያውም ዝናብ በጣለ ምሽት የመገናኛን ሰልፍ ለሚጠብቅ ሰው፣ 40 ደቂቃ ሁሉም ነገር የተሳካበት ቀን ልክ ነው። የቀሩትም ክፍለ ጊዜዎች እንደዚሁ የተሳካ ቀንን ልክ ይዘው የተደረደሩ ስለሆኑ፣ ከመካከላቸው አንዱ ሲንሸራተት ተከታዮቹ ሁሉ አብረው ይንሸራተታሉ።

ይህ የእርስዎ ብቻ ጠባይ አይደለም። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ይህን ዝንባሌ የዕቅድ ስሕተት ብለው ሰይመውታል። ሰው የራሱን ሥራ የሚገምተው ወደፊት እያየ፣ ሥራው ያለ እንቅፋት ሲሄድ በዓይነ ሕሊናው እየሣለ እንጂ፣ ተመሳሳይ ሥራ ባለፈው ጊዜ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት እያስታወሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ሮጀር ቡህለርና ባልደረቦቹ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በመጨረስ ላይ የነበሩ ተማሪዎችን ጠይቀው፣ ተማሪዎቹ በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ቢሉም በተግባር ከ55 ቀን በላይ እንደወሰደባቸው አሳይተዋል። ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን እነዚሁ ተመራማሪዎች ያገኙት ሌላው ነገር ነው፤ ሰዎች ያለፈውን ልምዳቸውን አስታውሰው ከያዙት ሥራ ጋር እንዲያያይዙት ሲደረግ ግምታቸው ወደ እውነቱ ይጠጋል።

እርስዎ በሙያዎ በየወሩ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። በጀት አጽድቆ ክንውኑን የማይመዘግብ ድርጅት ቢገጥምዎ፣ ሰነዱ ምን ያህል ቢያምር የሚታመን አይደለም እንደሚሉ አልጠራጠርም። ካላንደርዎ አሁን በጀት ብቻ ነው፤ የክንውን ዓምድ የለውም። ስለዚህ ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ምንም ዓይነት አዲስ ዕቅድ እንዳያወጡ እመክርዎታለሁ። ያለውን መርሐ ግብር ያጥፉትና የሠሩትን ብቻ፣ በሠሩበት ሰዓት፣ ያስገቡ፤ አንድ ነገር ሲጨርሱ ክፍለ ጊዜውን ከፍተው የጀመሩበትንና ያበቁበትን ሰዓት ማስተካከል ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። የባንክ ማስታረቁ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ሦስት ሰዓት ከሩብ የሚወስድ ከሆነ ይወቁት። የሥራ አስኪያጁ ጥሪ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚመጣና አብዛኛውን ጊዜ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣም በዚሁ ይታይዎታል። እርስዎ በደብዳቤዎ ድንገተኛ ያሉት ጥሪ በየሳምንቱ ማክሰኞና ሐሙስ ረፋድ ላይ የሚመጣ ሆኖ ቢገኝ አልገረምም፤ አለቆች ስብሰባ ሲቃረብባቸው አኃዝ ይፈልጋሉ፣ ስብሰባቸው ደግሞ ቀን አለው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማቀድ ሲጀምሩ ቀኑን በየግማሽ ሰዓቱ አይቆራርጡት። የባንክ ማስታረቅን የመሰለ፣ አንድ የጠፋች አኃዝ እያሳደዱ የሚሠሩት ሥራ በግማሽ ሰዓት አይገባም። ሶፊ ለሮይ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ሲዛወር የአሳቡ ክፋይ በቀድሞው ሥራ ላይ እንደሚቀርና በዚህም ምክንያት ሁለተኛው ሥራ እንደሚጎዳ አመልክተዋል። ስለዚህ በቀን አንድ ረጅም ክፍለ ጊዜ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት የሚሆን፣ ለአንድ ከባድ ሥራ ብቻ ይስጡ። ኢሜይል መመለስን፣ የወጪ ሰነድ መፈረምን፣ ለአቅራቢዎች መደወልን የመሳሰሉትን ጥቃቅኖች ግን እያንዳንዳቸውን ቀለም ቀብተው ከማስቀመጥ ይልቅ፣ ከምሳ በፊትና ከመውጫ በፊት በሚውሉ ሁለት የወል ክፍለ ጊዜዎች ውስጥ ይጠቅልሏቸው።

ያንን ረጅም ክፍለ ጊዜ ካላንደር ብቻውን አይጠብቅልዎትም፤ ከሥራ አስኪያጁ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ንግግሩ ከባድ አይደለም። «ጌታዬ፣ የባንኩን ማስታረቅ በሰዓቱ ላደርስልዎት ማክሰኞና ሐሙስ ከ2፡45 እስከ 4፡15 ሳልነሣ መሥራት አለብኝ፤ ከ4፡15 በኋላ ለሚፈልጉኝ ነገር ሁሉ እመጣለሁ» ማለት በቂ ነው። አለቃ የሚቆጣው አትጥሩኝ ሲባል እንጂ መቼ እንደሚያገኝዎ ሲነገረው አይደለም። የሁለት ሳምንቱ መዝገብ በእጅዎ ስላለም፣ የወሩ መዝጊያ ለምን እንደሚዘገይ ሲጠየቁ የሚያሳዩት ነገር ይኖርዎታል። ሰኔ 30 ሲቃረብ፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ ይህ ሁሉ እንደሚታጠፍ ግልጽ ነው፤ ለዚያ ሰሞን ሌላ መርሐ ግብር ያውጡለት እንጂ የዘወትሩን በዚያ አይለኩት።

ከስምንቱ የሥራ ሰዓት ውስጥ አምስቱን፣ ቢበዛ አምስት ተኩሉን ብቻ ይያዙ፤ የቀረው ባዶ ይሁን። ይህን ስል ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ባዶው ቦታ ግን ዛሬም በጥሪ፣ በሲስተም መጥፋትና በመብራት መቋረጥ የሚሄድ ስለሆነ፣ አሁን የሚለየው አስቀድመው መመደብዎ ብቻ ነው። ማክሰኞ እንደደረሰብዎ ዓይነት ነገር ሲደርስ ያልተሠራውን ክፍለ ጊዜ አያጥፉት፤ ወደ ባዶው ቦታ፣ ካልሆነም ወደ ነገው ይጎትቱት። አንድ ሥራ ሦስት ጊዜ ከተጎተተ ግን ቆም ብለው ይጠይቁ፦ ወይ ክፍለ ጊዜው አንሶታል፣ ወይ ሥራው የሌላ ሰው ነው፣ ወይ ጭራሹን መሠራት የሌለበት ነገር ነው። በዚሁ አጋጣሚ ቀጠሮንና ሥራን በመተግበሪያው ውስጥ እንዲለዩ አሳስባለሁ። ልጅ ከትምህርት ቤት መውሰድ ሰዓቱ ካለፈ አለፈ፤ ስለዚህ እንደ ቀጠሮ ይገባል። ሪፖርት መጻፍ ግን እስኪጻፍ ድረስ አያልፍም፤ ስለዚህ ጉግል ታስክስ በሚባለው የሥራ ዝርዝር መያዣ በኩል እንደ ሥራ ቢያስገቡት፣ ተሠራ ብለው ምልክት እስካላደረጉበት ድረስ ሳይረሳ ይቆይዎታል።

አሁን በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ዓይኔ ወደ ያዘው ነገር ልምጣ። በአረንጓዴ ቀለም «የግል» ብለው የሰየሟቸውን ክፍለ ጊዜዎች አንድ በአንድ ተመልክቻለሁ። ቁርስ ማዘጋጀት፣ ልጆችን ማልበስ፣ ምሳ ዕቃ መቋጠር፣ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ የትንሹን የቤት ሥራ ማሠራት፣ ሽንኩርት መላጥና ወጥ መሥራት፣ የነገውን ዩኒፎርም መተኮስ፣ እናትዎን መጠየቅና መድኃኒታቸውን መግዛት። ከእነዚህ ውስጥ የግል የሚባል አንድም የለም፤ ሁሉም የቤቱ ናቸው። በሰዓት ሲደመሩም ገጹ ላይ እንደምናየው ከመሥሪያ ቤት ውሎዎ ብዙ አያንሱም። ባለቤትዎ በዕቅድዎ ላይ የሚቀልዱት ክፉ አስበው ነው ብዬ አላምንም፤ ይህን ዝርዝር በሰዓት ተሰፍሮ አይተውት ስለማያውቁ ይመስለኛል። የቤት ውስጥ ሥራ ከጓዳ ወጥቶ ካልታየ የሚሠራው ሰው ዘወትር የሚጣደፍ፣ ሌላው ሰው ደግሞ ለምን እንደሚጣደፍ የማይገባው ሆኖ ይኖራል።

ስለዚህ «ቤት» የሚል ሁለተኛ ካላንደር በዚያው መተግበሪያ ውስጥ ይክፈቱ። አዲሱን ካላንደር ከኮምፒውተር መፍጠር ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ በስልክዎም ላይ ይታያል። ለባለቤትዎ እንዲያዩት ብቻ ሳይሆን እንዲያስተካክሉትም ፈቃድ ይስጡ፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ማየት ብቻ የተፈቀደለት ሰው ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ከዚያ አንድ እሑድ ከሰዓት ቡና ሲፈላ አብረው ተቀምጡና እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ የማን እንደሆነ ይወስኑ። ማክሰኞና ሐሙስ ረጅሙን ክፍለ ጊዜዎን በጠዋት የሚጀምሩባቸው ቀናት ስለሆኑ ልጆቹን ማድረስ በእነዚህ ቀናት የእርሳቸው ይሁን። ምሽት ላይ እርስዎ ወጥ ሲሠሩ የቤት ሥራ የሚያሠሩት እርሳቸው ይሁኑ፤ ወይም ተቃራኒው ይሁን። እናትዎን በተመለከተ ወንድም ወይም እኅት ካለዎት ለእነርሱም የሚደርስ ድርሻ ይኖራል። ባለቤትዎ የያዙትን ክፍለ ጊዜ ማሳሰቢያው በእርሳቸው ስልክ ይጩኽ፤ እርስዎ አስታዋሽ ሆነው ከቀሩ ሥራው ገና ከእጅዎ አልወጣም። ይህን ካደረጉ በኋላ በአረንጓዴው ውስጥ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አንድ አንድ ሰዓት፣ በእውነት የእርስዎ የሆነ ነገር ያስቀምጡ፤ ምን እንደሚሠሩበት ለእኔም ለባለቤትዎም መንገር የለብዎትም።

የቤቱን ካላንደር በመሥሪያ ቤት አድራሻዎ አይክፈቱት፤ በራስዎ ኢሜይል ይክፈቱት። በድርጅቱ ካላንደር ላይ የሐኪም ቀጠሮና የእድር ስብሰባ ዝርዝር መታየት የለበትም፤ እዚያ «ተይዟል» የሚል ብቻ ይበቃል።

የሌሊቱን ጩኸት በተመለከተ ጉዳዩ የሰዓት አቆጣጠር ነው። መተግበሪያው የእኛን 3 ሰዓት አያውቅም፤ 3፡00 ብለው ሲጽፉለት የሚረዳው እኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የምንለውን ነው። ስልክዎን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ያድርጉት፤ ከዚያ ለቀን ሰዓት 6 ይደምሩ፤ ጠዋት 3 ሰዓት 9፡00፣ ከሰዓት 8 ሰዓት 14፡00 ይሆናል። ከመሸ በኋላ የሚደመረው 18 ነውና ምሽት 1 ሰዓት 19፡00 ይባላል። እስኪለምዱት ድረስ በርእሱ ላይ የራሳችንን ሰዓት ይጻፉበት፤ «3–4፡30 ባንክ ማስታረቅ» ቢሉት ስሕተቱ ገና ሲያስገቡት ይታይዎታል።

የወር ድግግሞሽም እንዲሁ ያሳስታል፤ ለእርስዎ ደግሞ የቫትና የደመወዝ ግብር ማሳወቂያዎ በኢትዮጵያ ወር የሚሄድ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወር በገባ በ12 የሚደረግ የሚካኤል ማኅበር አለዎት እንበል። ኅዳር 12ን በኖቬምበር 21 አስገብተው «በየወሩ» ቢሉት፣ ታኅሣሥ ላይ ልክ ይመጣል፤ ጥር 12 ግን በጃንዋሪ 20፣ የካቲት 12 በፌብሩዋሪ 19 ስለሚውል ማኅበሩ ካለፈ በኋላ ያሳስብዎታል። መፍትሔው «በየወሩ» የሚለውን ትቶ «በየ30 ቀኑ» ማለት ነው፤ ወሮቻችን ሁሉም 30 ቀን ስለሆኑ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ሳይዛነፍ ይሄዳል። ጳጉሜን ስትመጣ በአምስት ወይም በስድስት ቀን ስለሚቀድም በየዓመቱ መስከረም ላይ እንደገና ያስገቡት።

የሜሪላንዱን ቀጠሮ ሲያስገቡ ደግሞ የሰዓት ክልሉን የአዲስ አበባ ሳይሆን የምሥራቅ አሜሪካ ያድርጉት። እነርሱ በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ይመልሱታል፤ እኛ ግን አንለውጥም። በዚህም ምክንያት የአጎትዎ ልጅ ጠዋት 10 ሰዓት በእኛ በበጋቸው ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል። ክልሉን በትክክል ካስገቡ ስልክዎ ራሱ ያዛውርልዎታል፤ የቅዳሜ ምሽቱን የቤት ፕሮግራም ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ማሸጋሸግ ይኖርብዎታል።

ለቅሶንና ድንገተኛ በሽታ ጥየቃን በዕቅድ ለማስገባት አይሞክሩ። እነዚህ መተግበሪያዎች ጎረቤት ሲሞት ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው ታስበው የተሠሩ አይመስሉም። የእሑድን ከሰዓት ክፍት አድርገው ይተዉት፤ ሰው ቤት መሄድ ካለ ይሄዱበታል፣ ከሌለ ያርፉበታል። በሳምንቱ መካከል ለቅሶ ሲደርስ የዚያን ዕለት ምሽት ያሉትን ክፍለ ጊዜዎች በሙሉ አንሥተው ወደ ቀጣዩ ሳምንት ይውሰዱ፤ የቀረውን ሰዓት ለመሙላት እኩለ ሌሊት ድረስ አይቀመጡ።

ስለሚከፈልበት መተግበሪያ የጠየቁኝን በአጭሩ ልመልስ። ሞሽንና ሪክሌም የሚባሉት የዚህ ዓይነት አገልግሎቶች እያንዳንዱ ሥራ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድና መቼ መድረስ እንዳለበት እርስዎ ሲነግሯቸው፣ ባዶ ቦታ እየፈለጉ ያስቀምጣሉ፤ ቀጠሮ ሲለወጥም መልሰው ያደላድላሉ። ሥራው የሚወስደውን ጊዜ የሚነግሯቸው ግን እርስዎ ነዎት። ሦስት ሰዓት ከሩብ የሚፈጀውን ማስታረቅ ሁለት ሰዓት ብለው ካስገቡ፣ የተሳሳተውን ግምት በፍጥነት ያደላድሉልዎታል፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። አሁን በእጅዎ ያለው ነፃው ካላንደር በስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል፤ መብራት በጠፋ ቀን የጻፉትን ኔትወርክ ሲመጣ ያስተካክለዋል። የሁለት ሳምንቱን መዝገብ ይዘው፣ የቤቱን ካላንደር ከባለቤትዎ ጋር ከተከፋፈሉ በኋላ፣ አንድ ሙሉ ወር ከደመወዝ እስከ ደመወዝ ይሞክሩት። ከዚያም በኋላ ክፍለ ጊዜዎችን በእጅ ማዛወሩ በየቀኑ ከሩብ ሰዓት በላይ የሚወስድብዎ ከሆነ፣ በቅድሚያ ሪክሌምን በነፃ የሚሰጠውን ደረጃ ሞክረው ያኔ ስለ መክፈሉ ያስቡ።